ድራሙን የመታው ማን ነበር?

የተከበራችሁ የሙዚቃ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የጋበዙኝ ሰዎች ስለ ጃዝ ታሪክ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። እኔ ግን የታሪክ ሰው አይደለሁም፤ ቅዳሜ ማታ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሸክላና ሲዲ እያጫወትኩ በመሀል በመሀሉ ጥቂት የማወራ የሬዲዮ አቅራቢ ነኝ። ስለዚህ ከሙዚቃው ይልቅ በሁለት ሙዚቃዎች መካከል ስለሚነገረው ቃል ብናገር ይሻለኛል፤ አቅራቢው ማይክሮፎኑን ከፍቶ «አሁን ያዳመጣችሁት…» ብሎ ከጀመረ በኋላ ምን ማለት እንዳለበት፣ የተናገረውንም ማን እንደሚያርመው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

በስህተቴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ማታ የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አውጥቼ ሁለተኛውን ዜማ፣ «ፍሬዲ ፍሪሎደር» የተባለውን አጫወትኩ። ሙዚቃው ሲያልቅ የተጫዋቾቹን ስም እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ አወረድኩት፦ ትራምፔት ማይልስ ዴቪስ፣ ቴነር ሳክስፎን ጆን ኮልትሬን፣ አልቶ ሳክስፎን ካነንቦል አደርሊ፣ ቤዝ ፖል ቻምበርስ፣ ድራም ጂሚ ኮብ፣ ፒያኖ ቢል ኤቫንስ። ቀጣዩን ሸክላ አስነስቼ ሻዬን ከመቅመሴ የስልኩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ የስቱዲዮ ስልክ እንደምታውቁት አይጮኽም። ያነሳሁት የአንዲት ወጣት ድምፅ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፒያኖው ግን የኤቫንስ አይደለም፤ የዊንተን ኬሊ ነው።»

«ልጄ፣ ይህን ሸክላ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው የማውቀው» አልኳት።

«እሱማ ያውቁታል። ግን እስቲ የፒያኖውን ሶሎ መልሰው ይስሙት። ኤቫንስ እንዲህ ይስቃል?»

መልሼ ሰማሁት። አይስቅም። ኤቫንስ ሲጫወት ጎንበስ ብሎ ለራሱ እንደሚያስብ ሰው ነው፤ እዚህ ላይ ያለው ፒያኖ ግን እግሩን ዘርግቶ ይጫወታል፣ ይዘላል፣ ያሾፋል። ሽፋኑን ገልብጬ በመነጽር ባየው እዚያው በትናንሽ ፊደል ተጽፏል፤ ለሃያ ምናምን ዓመት በእጄ ይዤው ሳላነበው ኖሬያለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኤቫንስ ከዴቪስ ባንድ የወጣው በ1958 ሲሆን፣ መጋቢት 2 ቀን 1959 ኒውዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ቀረጻው ሲጀመር የባንዱ መደበኛ ፒያኒስት ኬሊ ነበር። ዴቪስ ግን ለዚህ ሥራ ኤቫንስን መልሶ ጠርቶታል። ኬሊ ስቱዲዮ ደርሶ ሌላ ሰው ፒያኖው ላይ ሲያይ ደስ እንዳላለው ይነገራል። በዚያን ቀን መጀመሪያ የተቀረጸው «ፍሬዲ ፍሪሎደር» ነው፤ ኬሊ እሱን ተጫወተ፣ ከዚያ ተነሣ። ከሸክላው አምስት ዜማዎች በአራቱ ላይ ያለው ፒያኖ የኤቫንስ፣ በአንዱ ላይ ያለው የኬሊ ሆኖ ቀረ። እኔም ሰውየውን ከዚያች ካለችው አንዲት ቦታ ላይ ነበር በሬዲዮ ያባረርኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፕሮግራሙን የከፈትኩት በእርማት ነው። «ፍሬዲ ፍሪሎደር»ንና ኤቫንስ የተጫወተበትን ሌላ ዜማ አከታትዬ አጫውቼ አድማጮች ሁለቱን ፒያኖዎች ጎን ለጎን እንዲሰሙ አደረግሁ፤ ከዚያ በፊት ካቀረብኳቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ብዙ ስልክ የተደወለበት ይህ ሆኖ ተገኘ። ከደዋዮቹ አንዱ በሆቴል ፒያኖ የሚጫወት ሰው ነበር፤ እሱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አመጣ። ቤቱ ባለው አሮጌ ሸክላ የመጀመሪያውን ገጽ እያጫወተ በፒያኖው ሊከተለው ሲሞክር ድምፁ በጥቂቱ ከፍ እያለ አልገጥም ይለው እንደነበርና ጥፋቱን ለዓመታት በፒያኖ ቃኚው ላይ ሲያሳብብ እንደኖረ ነገረኝ። ፒያኖ ቃኚው ምንም አላጠፋም። በመጋቢቱ ቀረጻ ላይ አንደኛው የቴፕ መቅረጫ በትንሹ ቀርፈፍ ብሎ ይዞር ስለነበር፣ ያ ክር በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ሦስቱ ዜማዎች ፈጠን፣ ድምፃቸውም ከፍ ብሎ ይሰማል። የታረመው በ1992 ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ዓለም የተሳሳተውን ድምፅ እየሰማ ወደደው ማለት ነው፤ ትክክለኛው ሲወጣ «የኔ ሸክላ እንዲህ አልነበረም» ብሎ ቅር የሚለው ሰው እንደሚኖርም እገምታለሁ። እኔ ራሴ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ይህን ሁሉ የማወራው የዕውቀት ጨዋታ ለማሳየት አይደለም። በጃዝ ውስጥ የተጫዋች ስም ጌጥ አይደለም፤ የሙዚቃው አካል ነው። ያው ዜማ ድራሙን ሌላ ሰው ሲመታው ሌላ ዜማ ይሆናል፤ ምክንያቱም በወረቀት ላይ የተጻፈው ጥቂት ነው፣ ቀሪውን እዚያው ፈጥሮ የሚሞላው ሰው ነው። ስለዚህ የጃዝ አቅራቢ «እንዴት ያለ ግሩም ሙዚቃ ነው!» ማለት አይጠበቅበትም። ግሩም መሆኑን አድማጩ ሰምቶታል። አድማጩ ሊሰማው የማይችለው የሰውየውን ስም ነው። በበኩሌ የማይክሮፎኑ ሥራ ከዚያ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜም እዚያው ያበቃል።

ይህን የተማርኩት ደሴ፣ አጎቴ ቤት ነው። አጎቴ መምህር ነበር፤ የእንጨት ሣጥን የሚመስል ባለ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ነበረችው፤ የአንቴናዋን ሽቦ በመስኮት አውጥቶ ከቆርቆሮው ጣሪያ ጋር አሥሮታል። ማታ ማታ የድምፁን ቁልፍ ዝቅ አድርጎ የአሜሪካ ድምፅን የጃዝ ሰዓት ይፈልግ ነበር። ያ ዘመን ማን ምን እንደሚያዳምጥ ጎረቤት ባያውቅ የሚመረጥበት ዘመን ነው። ድምፁ እየመጣ እየሄደ፣ በመሀሉ የሌላ አገር ዜና እየገባበት፣ አንዳንዴም በፉጨት ተውጦ ይጠፋል። እኔ እንግሊዝኛ አልሰማም። ከዚያ ሁሉ ንግግር የሚገባኝ ስሞቹ ብቻ ነበሩ፤ ምክንያቱም አቅራቢው ስም ሲጠራ ቃል በቃል፣ ፊደል በፊደል፣ እንደ ጠበል ጠብ እያደረገ ነበር የሚጠራው። አጎቴ ደብተር ገልጦ በእርሳስ እንደሰማው በአማርኛ ይጽፋል። ደብተሩ ዛሬም አለኝ። «ጃኒ ሐጅ»፣ «ሐሪ ካኔ»፣ «ኩቴ ዊልያም»። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆኒ ሆጅስ በአጎቴ ደብተር መካ ደርሶ ተመልሷል።

ያ ድምፅ የዊሊስ ኮኖቨር ነበር። ፕሮግራሙ የጀመረው በጥር 1955 ነው፤ እሱም በ1996 እስኪሞት ድረስ ይሠራበት ነበር፤ ያውም እንደ ቋሚ ሠራተኛ ሳይሆን በኮንትራት። ንግግሩ ጎርናና፣ ዝግ ያለ፣ ቃላቱም የተመጠኑ ነበሩ፤ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች እንደሚሰሙት ያውቃልና። የዓለም አድማጭ እንዲህ ሲያውቀው የገዛ አገሩ ሰው አያውቀውም ነበር፤ የ1948ቱ የአሜሪካ ሕግ ለውጭ አገር የሚሠራጨው ፕሮግራም በአገር ውስጥ እንዲሠራጭ አይፈቅድም ነበርና። በ1959 ዋርሶ ሲገባ አውሮፕላን ማረፊያው በሰው ተሞልቶ ጠበቀው። ዋሽንግተን ውስጥ ግን ጎዳና ላይ ቢሄድ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም።

የፕሮግራሙ መክፈቻ የዱክ ኤሊንግተን ባንድ የሚጫወተው «ቴክ ዘ ኤ ትሬን» ነበር። እዚህ ላይ ለአፍታ ልቁም። ይህን ዜማ የማያውቅ የለም፤ ሲሰሙትም ሁሉም «ኤሊንግተን» ይላሉ። የደረሰው ግን ቢሊ ስትሬይሆርን ነው፤ ለብዙ ዓመታት በኤሊንግተን ጥላ ሥር ሆኖ የሠራ ሰው። ስም ጠሪው የኮኖቨር ፕሮግራም እንኳ በየምሽቱ የሚከፈተው ስሙ በሌላ ሰው ስም በተሸፈነ ደራሲ ሥራ ነበር።

ከኮኖቨር ተቃራኒ የሚሆን አንድ አቅራቢ ብጠራ ፊል ሻፕን ነው። በ1970 ገና ተማሪ ሳለ በኒውዮርኩ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ፣ በደብሊው ኬ ሲ አር፣ መሥራት ጀመረ፤ ከ1981 ጀምሮም በሥራ ቀናት ጠዋት ጠዋት የሳክስፎን ተጫዋቹን የቻርሊ ፓርከርን ሙዚቃ ብቻ የሚያሰማ ፕሮግራም ነበረው፤ በ2021 አረፈ። ኮኖቨር በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፈውን ሻፕ ለሩብ ሰዓት ይተነትነዋል፦ ቀረጻው በየትኛው ቀን፣ በስንተኛው ሙከራ፣ በዚያን ሌሊት ማን ዘግይቶ እንደመጣ። አንዳንዴ ንግግሩ ከሙዚቃው ይረዝማል፤ ያማረሩበት አድማጮችም ነበሩ። ወደ ኮኖቨር አደላለሁ፤ በአማርኛ ሬዲዮ ሩብ ሰዓት ስለ አንድ ሳክስፎን ብናገር ስፖንሰር ይቅርና ባለቤቴም ጣቢያ ትቀይራለች። ሆኖም ሁለቱ የሚሠሩት አንድ ሥራ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ ይህን ታሪክ ሳልነግራችሁ ብወርድ ጥፋት ይሆንብኛል።

ሐምሌ 7 ቀን 1956፣ ኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ። የኤሊንግተን ባንድ በዚያ ዘመን ገበያው ቀዝቅዞበታል፤ ትልልቅ ባንዶች ጊዜያቸው አልፏል ይባል ነበር። ሌሊቱ መሽቷል፣ ሰውም መውጣት ጀምሯል። ኤሊንግተን በ1937 የሠራቸውን ሁለት የቆዩ ብሉዞች አወጣና በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ለቴነር ሳክስፎኑ ለፖል ጎንዛልቬስ ሰጠው። ጎንዛልቬስ ተነሥቶ አሥራ ሁለት መለኪያ ያላትን የብሉዝ ዙር ሃያ ሰባት ጊዜ አዞራት። በሰባተኛው ዙር አካባቢ አንዲት ጥቁር ቀሚስ የለበሰች ሴት ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጨፈር ጀመረች፤ ሊወጣ የነበረው ሰው ተመለሰ፤ ወንበር ላይ የወጣም ነበር። ድራሙን የሚመታው ሳም ውድያርድ ነው። ከመድረኩ ጥግ ግን ሌላ ታላቅ ድራመር፣ ጆ ጆንስ፣ ጋዜጣ ጠቅልሎ እየመታ ባንዱን ያነሣሣ ነበር። የዚህን ሰው ጋዜጣ የምናውቀው የሸክላው ፕሮዲውሰር ጆርጅ አቫኪያን በሽፋኑ ላይ ስለጻፈልን ነው። ድራሙን የመታው ማን ነበር ብትሉኝ እንግዲህ መልሱ ውድያርድ ነው፤ ጋዜጣውን ግን አትርሱት።

አሁን ወደ ማይክሮፎኑ ልምጣ። መድረኩ ላይ ሁለት ዓይነት ማይክሮፎን ቆሟል፤ አንዱ የኮሎምቢያ ኩባንያ ሸክላውን የሚቀርጽበት፣ ሌላው የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ የራሱን ቀረጻ የሚይዝበት። ጎንዛልቬስ ተነሥቶ ወደ ፊት ሲወጣ የቆመው በሬዲዮው ማይክሮፎን ፊት ነበር። ስለዚህ በሸክላ ኩባንያው ክር ላይ የዚያ ሌሊት ጀግና ከጎረቤት ቤት እንደሚጫወት ሰው በሩቁ ይሰማል። ኤሊንግተን በአንዳንድ ክፍሎች ጥራት ስላልረካ ባንዱን ሰኞ ስቱዲዮ አስገብቶ ድጋሚ አስቀረጻቸው፤ የወጣው ሸክላ የእውነተኛው ሌሊትና የስቱዲዮው ቅልቅል፣ በላዩም ጭብጨባ የተጨመረበት ነው። ከኤሊንግተን ሸክላዎች ሁሉ በሽያጭ የታወቀው ይኸው ሆነ። በ1990ዎቹ የአሜሪካ ድምፅ ክር በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተገኘ። ጎንዛልቬስ በዚያ ላይ ከነትንፋሹ፣ በቅርብ አለ። ሁለቱን ክሮች አጋጥሞ፣ አንዱን በግራ ጆሮ ሌላውን በቀኝ ጆሮ አድርጎ ሌሊቱን እንደነበረ ያወጣው ሰው ፊል ሻፕ ነው፤ ሥራው በ1999 ታተመ። ለሩብ ሰዓት ሲያወራ ሰዎች የሚያማርሩበት ያ ጥንቃቄ በኮኖቨር ሬዲዮ ክር ላይ ዋለ። ጎንዛልቬስ ግን ይህን ሳይሰማ ግንቦት 1974 ለንደን ውስጥ ሞቶ ነበር፤ ኤሊንግተን የተከተለው በዘጠነኛው ቀን ነው።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ1973 መገባደጃ፣ ኤሊንግተን እዚሁ አዲስ አበባ መጥቷል። ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን ተቀበለ፤ ከሙላቱ አስታጥቄም ጋር ሠሩ። ይህን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልቆይበትም። እኔን የሚያሳስበኝ በዚያው ዘመን በዚችው ከተማ የተቀረጸው የራሳችን ሙዚቃ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን የሸክላ ኩባንያ ካቆመ በኋላ የወጡትን በየገጹ አንድ ዘፈን የያዙ ትናንሽ ሸክላዎች አንሥታችሁ መሀላቸው ላይ የተለጠፈችውን ክብ ወረቀት አንብቡ። የዘፋኙ ስም አለ፣ የዘፈኑ ርዕስ አለ፣ አንዳንዴም የባንዱ ወይም የአቀናባሪው ስም አለ። ትራምፔቱን የነፋው፣ ድራሙን የመታው፣ ቤዝ ጊታሩን የያዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ከዚያም በፊት «የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ» ወይም «የፖሊስ ኦርኬስትራ» ሲባል በአንድ መሥሪያ ቤት ስም ሥር ስንት ሰው ተጠቅልሎ እንዳለፈ አስቡት። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እነዚያን ሸክላዎች መልሶ ሲያሳትም ከሲዲዎቹ ጋር በነበሩት መጽሔቶች የተጫዋቾችን ስምና ፎቶ ማውጣቱ ውለታ ነው። በእኔ የሸክላ ሣጥን ውስጥ ግን ማንም ስማቸውን ያልጠራቸው ብዙ ናቸው።

ስለዚህ በፕሮግራሜ ላይ አንድ ልማድ ጀመርኩ። በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ከእነዚህ ትናንሽ ሸክላዎች አንዷን አጫውቼ «ሳክስፎኑ የማን ነው?»፣ «ድራሙን የመታው ማን ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል፤ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚወረውር እንግዳ ከሌለ አዝማሪው ብቻውን አይደምቅም። እኔም ጥያቄውን እወረውራለሁ፣ አድማጩ ይሰጠኛል። ብዙ ስም መጥቷል። ያን ያህል የሚጋጭ ስምም መጥቷል፤ ለአንድ የኦርጋን ሶሎ ሦስት ሰዎች በሦስት ስም ምለውልኛል። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፤ በቀረጻው ላይ የነበረ ወይም በቅርብ የሚያውቅ፣ እርስ በርስ ያልተማከረ ሁለት ምስክር ሳላገኝ ስም በሬዲዮ አረጋግጬ አልጠራም።

ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ አንዷን ሸክላ አጫወትኩና ስለ ትራምፔቱ ጠየቅሁ። አንዲት ሴት ደወለች። «የአባቴ ነው» አለችኝ። አባቷ ከሞተ ቆይቷል፤ ፎቶ የለም፣ ውል የለም፣ የሚመሰክር ጓደኛም አታውቅም። ያላት ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፦ ልጅ ሳለች ይህ ዘፈን በሬዲዮ በመጣ ቁጥር እናቷ፣ ምስር እየለቀሙም ቢሆን፣ ትራምፔቱ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ እጃቸው ሰፌዱ ላይ ይቆማል። ትራምፔቱ ሲያበቃ መልቀም ይቀጥላሉ። ምንም አይናገሩም።

ከዚህ የተሻለ ምስክርነት ሰምቼ አላውቅም፤ ሕጌ ግን ሕግ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ስሙን ጠራሁት፤ «ልጁ እንደነገረችኝ» የሚል ቃል አስቀድሜ። እሷ «እንደነገረችኝ» የምትለዋን ቃል አልወደደቻትም። ደውላ ነግራኛለች።

ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ከዋሽንግተን አካባቢ አንድ አዛውንት ደወሉ፤ የዚያን ዕለት ፕሮግራም የቀዱት ዘመዶቻቸው አሰምተዋቸው ኖሯል። በዚያ ቀረጻ ላይ ጊታር ይዘው እንደነበሩ ነገሩኝ። ትራምፔቱን የነፋው የሴትየዋ አባት ሳይሆን ሌላ ሰው ነው አሉኝ፤ ስሙንም ሰጡኝ። «አባቷን አውቀዋለሁ፤ ጎበዝ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን አልመጣም» አሉ። እሳቸው አንድ ምስክር ናቸው። ሁለተኛ እየፈለግሁ ነው። ለልጁ እስካሁን አልደወልኩላትም።

የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም ያልነገርኳችሁ በዚህ ምክንያት ነው። ስም ቀድሞ ከተጠራ ጆሮ በስሙ ይመራል። በ1951 ትልቁ ትራምፔት ተጫዋች ሮይ ኤልድሪጅ ጥቁርና ነጭ ሙዚቀኛን በጆሮዬ እለያለሁ ብሎ ተወራርዶ፣ ሃያሲው ሊዮናርድ ፌዘር ስም ሳይነግረው ሸክላ ሲያሰማው ብዙውን ተሳስቷል። የሱ ጆሮ ከተሳሳተ የእኛ ምን ይሆን? ሸክላዋን ይዣት መጥቻለሁ፤ ማጫወቻውም ተዘጋጅቷል። ትራምፔቱ የሚገባው ሁለተኛው አዝማች ካለቀ በኋላ ነው፤ ጥቂት ይንሾካሾካል፣ ከዚያ ከፍ ይላል። ከፊት ከተቀመጣችሁት አንዳንዶቻችሁ በዚያ ዘመን ከነዚህ ባንዶች ጋር ሠርታችኋል። የምታውቁት ድምፅ ከሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እርስ በርስ አትነጋገሩ፤ ስትወጡ በሩ ላይ እቆማለሁና አንድ በአንድ በጆሮዬ ንገሩኝ።